ግራጫ ካርቶን ወይስ ፎም ቦርድ? ቪላ ሙለርን በሞዴል ከውስጥ ማየት

ፍርዴን ላስቀድም። የአንድን ቤት ውስጥ በሞዴል ለማጥናት ከሞከርኳቸው ነገሮች ሁሉ የበለጠብኝ ግራጫው ካርቶን ነው። ያ መጽሐፍ ጠራዦች ለደረቅ ሽፋን የሚጠቀሙበት፣ ጠንካራው፣ መልኩ ብዙም የማያምረው። ነጩ ፎም ቦርድ፣ ማለትም በሁለት ወረቀት መሐል ፎም ያለበት ሰሌዳ፣ ሁለተኛ ነው፤ እሱም ለተወሰነ ሥራ ብቻ። የሌዘር ቆራጭ አገልግሎት ሦስተኛ ነው። ምልልሱንና ጭቅጭቁን ከቆጠርኩበት ግን አራተኛ ብዬ ሦስተኛውን ቦታ ባዶ ብተወው ደስ ይለኛል።

ይህ ደረጃ ለሁሉም ሞዴል አይሠራም። ለደንበኛ ማሳያ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የምሠራው ትንሽ የአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ሞዴል ማለት ከውጭ የሚታይ ነገር ነው። ዛፍ ይተከልበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ በመስታወት ሳጥን ይከደናል። ደንበኛው ዙሪያውን እየዞረ ፎቶ ያነሳል። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ አንድም ክፍል የለውም። እኔ ማታ ማታ ቤቴ የሠራሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ውጩ ቀርቶ ውስጡ ብቻ።

የመረጥኩት ቤት ቪላ ሙለር ነው። ፕራግ ውስጥ፣ ስትርዤሾቪትሴ በሚባል ሰፈር ይገኛል። አርክቴክቱ አዶልፍ ሎስ ከሌላው አርክቴክት ከካሬል ልሆታ ጋር ሆኖ የነደፈው፣ ከ1928 እስከ 1930 የተሠራ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቱ ፍራንቲሼክ ሙለር ካፕሳ እና ሙለር የተባለ የግንባታ ድርጅት ባለድርሻ ነበር። ስለ አርማታ የሚያውቅ ሰው። ይህ ነገር ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

ከውጭ ሲታይ ነጭ ሳጥን ነው። የመስኮቶቹ ክፈፍ ቢጫ ነው፣ በቃ። ጌጥ የለ፣ ቅርጽ የለ። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ የሚያየው አይመስለኝም። ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። አረንጓዴ እብነ በረድ፣ ማሆጋኒ፣ የሎሚ ቀለም ያለው እንጨት፣ ደማቅ ቀለም የተቀቡ የልጆች ክፍሎች። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ወለሎቹ። አንዱ ክፍል ከጎረቤቱ ጋር እኩል አይቆምም። አንዱ ጥቂት ደረጃ ከፍ፣ ሌላው ጥቂት ደረጃ ዝቅ ይላል። የጣሪያቸው ቁመትም እንደዚያው ይለያያል። ይህን አሠራር ሃይንሪሽ ኩልካ የተባለው የሎስ ተማሪና ረዳት በ1931 ራውምፕላን ብሎ ሰየመው። አርክቴክቶች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ሎስ ራሱ እኔ ፕላን፣ ፊት ለፊት፣ ሴክሽን (ቤቱን ከላይ ወደ ታች ሰንጥቆ የሚያሳይ ሥዕል) አልነድፍም፤ የምነድፈው ቦታውን ነው ይል ነበር። የሠራኋቸው ክፍሎች በፎቶ አያምሩም ብሎም ይኮራ ነበር። ጉረኛ ቢመስልም እውነቱን ነው። የቪላ ሙለርን ፎቶ ብዙ አይቻለሁ። እብነ በረዱ ያምራል፣ ሶፋው ያምራል። ሳሎኑ ከመመገቢያ ክፍሉ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ግን ከፎቶ አይገባም። ፕላኑም አያድንም። ፕላን ማለት ቤቱን በአንድ ከፍታ ላይ አግድም መቁረጥ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ በአንድ ከፍታ ላይ ብትቆርጡ የአንዱን ክፍል ወገብ፣ የሌላውን ቁርጭምጭሚት፣ የሦስተኛውን ጣሪያ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ወይ ፕራግ መሄድ ነው፣ ወይ መቁረጥና መለጠፍ ነው። ቪዛውንና ቲኬቱን ለጊዜው ትቼ ካርቶን ገዛሁ።

ስለ ካርቶኑ። የገዛሁት ሁለት ውፍረት ነው፤ ባለ 1.5 ሚሊሜትርና ባለ 2 ሚሊሜትር። የጥራዝ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በትልቅ ሉህ ይገኛል። ሻጩ ሞዴል ልሠራ መሆኑን ሲሰማ «እሱ ለሽፋን ነው እህቴ፣ ለእናንተ ሥራ ነጩ ነው የሚሆነው» አለኝ። የአንድ ፎም ቦርድ ዋጋ ሦስት አራት ካርቶን ይገዛል። ሻጭ ነው፣ አይፈረድበትም።

ለምን ሁለት ውፍረት? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፤ ታገሡኝ። የሠራሁት በ1:50 ስኬል ነው። በዚህ ስኬል 2 ሚሊሜትር ማለት 10 ሴንቲሜትር ነው። አገራችን ብሎኬት የሚመጣው በ10፣ በ15 እና በ20 እንደሆነ ግንባታ ያየ ሁሉ ያውቃል። አንድ ባለ 2 ካርቶን የ10 ግድግዳ ይሆናል። ሁለት ባለ 1.5 ሲደረብ የ15፣ ሁለት ባለ 2 ሲደረብ የ20 ይወጣል። ግድግዳውን በልክ መደራረብ ይቻላል ማለት ነው። የደረጃው ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። ባለ 1.5 እና ባለ 2 ሲደረቡ 3.5 ሚሊሜትር ይሆናሉ፤ ይህ በእውነተኛው ዓለም 17.5 ሴንቲሜትር ነው። አንድ የቤት ደረጃ በደህና የሚነሳበት ቁመት! ሳትለኩ፣ ቀጫጭን ቁራጮችን አንዱን በአንዱ ላይ እየለጠፋችሁ ደረጃ ይወጣል።

ይህንኑ በፎም ቦርድ ሞክሩት። የተለመደው ፎም ቦርድ 5 ሚሊሜትር ነው። በ1:50 25 ሴንቲሜትር ማለት ነው። 25 ሴንቲሜትር የሚነሳ ደረጃ የሚወጣ ሰው ጉልበቱን ይዞ ነው የሚወጣው። በ1:100 ከሠራችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ግድግዳ ግማሽ ሜትር ወፈረ ማለት ነው፤ የጎንደር ግንብ እየሠራችሁ ነው። እንደ ቪላ ሙለር በደረጃ የተሞላ ቤት በፎም ቦርድ ማጥናት ከመነሻው አያስኬድም። ደረጃውን ለማቅለል ስትሉ ቤቱን ትቀይሩታላችሁ።

አቆራረጡስ? ካርቶኑ ትዕግሥት ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ተጭኖ ለመቁረጥ መሞከር ምላጭ መስበር ነው፣ አንዳንዴም ጣት። የብረት ማስመሪያ ይዞ፣ ቀለል አድርጎ፣ በአንዱ መስመር ላይ ደጋግሞ መሄድ ነው። የከተሩን ጫፍ ቶሎ ቶሎ መስበርም ግድ ነው። ካርቶኑ አቅጣጫ እንዳለውም ልብ በሉ፤ በአንድ በኩል ሲታጠፍ ይለግማል፣ በሌላው ይታዘዛል። ረጅም ግድግዳ ስትቆርጡ የማይታጠፍበትን አቅጣጫ በቁመቱ በኩል አድርጉት። አለበለዚያ በነጋታው ተንጋዶ ታገኙታላችሁ።

ኮላው ነጩ የእንጨት ኮላ ይሁን። ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አልደርቅም ይላል። መዘግየቱ ግን ጥቅም አለው፤ ግድግዳውን ካቆማችሁ በኋላ ገፋ፣ መለስ ማድረግ ትችላላችሁ። ብዙ ካፈሰሳችሁ ካርቶኑ ውኃውን ጠጥቶ ይጣመማል። በጥርስ መፋቂያ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያ ከባድ መጽሐፍ መጫን ነው። በቱቦ የሚመጣው ሽታው የሚከረፋ ኮላ ካርቶን ላይ ደህና ነው። ፎም ቦርድ ላይ ግን የመሐሉን ፎም ያቀልጠዋል። ብዙው የስፕሬይ ቀለምም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ብዙ ሰው ሞዴል ሲሠራ ከመሠረቱ ተነስቶ ፎቅ በፎቅ ይወጣል። እኔ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ሳጥን አድርጌ ሠራሁ። ወለልና ግድግዳ አለው፣ ጣሪያው ተነሺ ነው። ከሳጥኖቹ በፊት ግን አራት የእንጨት ዘንጎች አቆምኩ። ቪላ ሙለር ውስጥ ክብደቱን የሚሸከሙት የውጭ ግድግዳዎቹና መሐል ያሉ አራት ምሰሶዎች ናቸው። የውስጥ ግድግዳዎቹ ከሸክም ነፃ ናቸው። ስለዚህ ወለሉ በፈለገው ከፍታ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። የአርማታ ሰው ባለቤት መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ሥዕል ላይ እነዚህ ምሰሶዎች አራት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ናቸው፤ ዓይን ዘሏቸው ያልፋል። ዘንጎቹን በእጄ ካቆምኩ በኋላ ግን ክፍሎቹ ዙሪያቸውን ሲሰቀሉ አየሁ። ወጣ ገባው ሁሉ ዘፈቀደ አይደለም፤ ሥርዓት አለው።

ከመግቢያው እንጀምር። በሩን አልፋችሁ የምትገቡበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው አረንጓዴ የመስታወት ንጣፍ ነው። ቀጥሎ ኮት የሚሰቀልበት ክፍል አለ። ከዚያ ጠባብ ደረጃ፣ መታጠፊያ። ሳሎኑ ገና አልታየም። ከደረጃው ስትወጡ ነው ቤቱን ከዳር እስከ ዳር የያዘው ረጅም ሳሎን በጎን በኩል የሚከፈተው። ጣሪያው ብድግ ይላል። ይህን በጽሑፍ አንብቤው ነበር፤ «ከዝቅታ ወደ ከፍታ» ምናምን ይላሉ። የመግቢያውን ሳጥን ከሳሎኑ ሳጥን አጠገብ ሳስቀምጠው ግን የልዩነቱ መጠን ነው ያስገረመኝ። የመግቢያው ሳጥን ሊጣል የተዘጋጀ ቁራጭ ይመስላል። ሎስ የእንግዳውን ትንፋሽ ሰብስቦ ይዞ ኋላ ላይ ነው የሚለቅለት።

ከሳሎኑ ጎን ያለው ግድግዳ ቺፖሊኖ የሚባል አረንጓዴ እብነ በረድ የለበሰ ነው። ግድግዳው ግን ድፍን አይደለም። ክፍተቶች አሉት። በአንዱ በኩል ደረጃው ይታያል፤ በሌላው ከፍ ብሎ መመገቢያ ክፍሉ ይታያል። መመገቢያው ማሆጋኒ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። እሱን አልፎ፣ እንደገና ከፍ ብሎ፣ የእመቤቲቱ የሚላዳ ክፍል አለ። የሎሚ ቀለም ባለው እንጨት የተለበጠ፣ ጠበብ ያለ፣ ራሱም በውስጡ ሁለት ከፍታ ያለው። ይህ ክፍል ወደ ሳሎኑ የሚያይ የውስጥ መስኮት አለው። እመቤቲቱ ሶፋዋ ላይ ሆና ሳሎን ማን እንደገባ ታያለች። እንግዳው እሷን ለማየት ግን ቀና ማለት አለበት፤ እዚያ መስኮት እንዳለ ካወቀ ነው እሱም።

ይህች መስኮት የሞዴሉን ድካም ሁሉ ከፍላኛለች። በፕላን ላይ አጭር መስመር ናት። በፎቶ ላይ ወይ ከውስጥ ወይ ከውጭ ነው የምትታየው። ሁለቱን ሳጥኖች አጠገብ ለአጠገብ ሳደርግ ግን አቀማመጧን ለማስተካከል በሁለቱም በኩል ማየት ነበረብኝ። ከሷ ዓይን ወደ ታች፣ ከእንግዳው ዓይን ወደ ላይ። መስኮቷን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መሞከር፣ ትንሽ ከፍ አድርጎ መሞከር። ካርቶን ነው፤ ቢበላሽ ሌላ ይቆረጣል። ግራጫው ካርቶን ከፎም ቦርድ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ርካሽ ስለሆነ አይሳሱለትም። ስትቆርጡት፣ ስትቀዱት፣ ስትለጥፉት እጃችሁ አይንቀጠቀጥም። በነጩ ፎም ቦርድ የሠራችሁት ነገር ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያለቀ ይመስላል። ያለቀ የሚመስልን ነገር መልሶ መቁረጥ ደግሞ ልብ አይጨክንም።

ቀለም ያስፈልገዋል ወይ? እኔ ለየክፍሉ ባለቀለም ወረቀት ውስጡ ላይ ለጠፍኩ። ለእብነ በረዱ አረንጓዴ፣ ለማሆጋኒው ቡናማ፣ ለእመቤቲቱ ክፍል ፈዛዛ ቢጫ። ውበቱን ትቼው ነው። የሚጠቅመው ከሳሎን ቆማችሁ በክፍተቱ ስታዩ ከአረንጓዴው ባሻገር ቡናማው ብቅ ማለቱን ለማየት ነው። ሎስ ክፍሎቹን የሚለያቸው በበር ብቻ አይደለም፤ በወለል ከፍታ፣ በጣሪያ ቁመትና በማቴሪያል ነው። ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ ግራጫ ከተዋችሁት ከፍታው ይታያል፤ የማቴሪያሉ ልዩነት ግን ይጠፋል። ንጹሕ ነጭ ሞዴል የሚወዱ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። አይስማሙ።

አንድ ቀን የሰፈራችን አናጢ ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አይተው ቆሙ። አዛውንት ናቸው፤ ለብዙ ቤት በርና መስኮት የሠሩ።

«ይሄ ቤት ስንት ፎቅ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እስቲ ይቁጠሩልኝ ጋሼ።»

ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። አንዴ ሦስት አሉ፣ አንዴ አምስት። ከዚያ ቀና አሉና «ደረጃ የሠራው ሰው በቁጥር ነው እንዴ የተከፈለው?» አሉ። ብዙ ስቄያለሁ። ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ነው ያነሱት። ይህ ቤት ውስጥ በእግር መሄድ ማለት ደረጃ መውጣትና መውረድ ነው። ዋናው ደረጃ አለ፣ ከላዩ በመስታወት ብርሃን ይገባለታል። ለሠራተኞች ሌላ ደረጃ አለ። ሽማግሌ ወላጅ ይዞ እዚህ ቤት መኖር ከባድ ነው። ሎስን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ብዙም አያነሱትም።

ስለ ቁመት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። ሽንት ቤት እንደ አዳራሽ መርዘም የለበትም የሚል ሐሳብ ሎስ ይጠቅስ ነበር። የሚተርፈውን ቁመት ለሚያስፈልገው ክፍል ስጡት ነው ነገሩ። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናት። ቤቶቻችን ግን ለጥ ያለ ሜዳ ላይ እንዳሉ ነው የሚነደፉት። መጀመሪያ ይቆፈራል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ጂ ፕላስ ስንት ይባላል። ሻወር ቤቱም ሳሎኑም እኩል ሦስት ሜትር ናቸው። ቢሮዬ ውስጥ ይህን ሳነሳ «ኮንትራክተሩ ያብዳል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ፎርምወርኩ፣ አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ፣ ብቻውን ያሳብዳል። ሙለር ራሱ ኮንትራክተር ባይሆን ኖሮ ይህ ቤት ይሠራ ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ።

ታዲያ ፎም ቦርድ ለምን ይጠቅማል? ለሌላ ዓይነት ቤት። ፓሪስ አጠገብ ፕዋሲ የሚገኘውን ቪላ ሳቯይን ውሰዱ። አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚየና የአጎቱ ልጅ ፒየር ዣንሬ ከ1928 እስከ 1931 የሠሩት ነው፤ ከቪላ ሙለር ጋር በአንድ ወቅት ማለት ነው። እዚያ ወለሎቹ ለጥ ያሉ ንጣፎች ናቸው። በቀጫጭን ዓምዶች ላይ ይቆማሉ። በመሐላቸው ተዳፋት መተላለፊያ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህን በፎም ቦርድ ሥሩት፣ ያምርባችኋል። ባለ 5 ሚሊሜትሩ ሉህ በ1:50 ራሱ የወለል ንጣፍ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይጎብጥም፣ ነጭ ነው። ሁለቱን ቤቶች ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው አንዱን በካርቶን፣ አንዱን በፎም ቦርድ ቢሠራ ልዩነታቸው በእጁ ይገባዋል። ቪላ ሳቯይ የተደረደረ ነው፤ ቪላ ሙለር የተሰካካ። በሆላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በ1980ዎቹ የሎስንና የለ ኮርቡዚየን ቤቶች በሞዴል ሠርተው ጎን ለጎን አሳይተዋል።

የፎም ቦርድ ጉዱ ጠርዙ ነው። ምላጩ ትንሽ ሲደነዝዝ መሐሉ እንደ ደረቀ አምባሻ ይፈረፈራል። ማዕዘን ላይ ፎሙ እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ከአንደኛው ቁራጭ ጫፍ 5 ሚሊሜትር ፎሙን ጠርጋችሁ አውጥታችሁ ወረቀቱን ብቻ ማስቀረት አለባችሁ። ይህ ጥሩ እጅ ይፈልጋል። ለቪላ ሙለር የተጠቀምኩት ለውጭው ግድግዳ ብቻ ነው። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሳጥን ነው፤ ለሱ ልክ ነው። እሱንም ተነሺ አድርጌዋለሁ። ከላይ ይወጣል፣ ውስጡ ይቀራል።

የሌዘር ነገር። አንድ የሌዘር ቆራጭ ቤት ሄጄ መስኮቶችን አስቆርጫለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። የመስኮት ክፈፍ በእጅ እንደዚያ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ዘበት ነው። የካርቶኑ ጠርዝ ግን ይቃጠላል፤ ቡናማ ይሆናል፣ የጭስ ሽታው ከቤት አይወጣም። ፋይሉን ይዤ ስሄድ መስመሩ አልተዘጋም ተባልኩ። አስተካክዬ ስመለስ መብራት ጠፋ። ከዚያ «ነገ ነይ»። ነገም እንደዚያው። ሌላው ችግር ይበልጣል። ለሌዘር ፋይል ለማዘጋጀት ሁሉንም ነገር አስቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ። ለማጥናት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ገና አልወሰነም፤ የሚወስነው እየቆረጠ ነው። ከወሰናችሁ በኋላ የሚሠራ ማሽን ነው። ፎም ቦርድ አስቆርጣለሁ ብላችሁም አትሂዱ፤ ሙቀቱ ፎሙን ያቀልጠዋል፣ እሳትም ያስነሳል። ማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ የሚገኘው የፒቪሲ ሰሌዳም ለሌዘር አይሆንም፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።

ሞዴሉ ካለቀ በኋላ የሚሠራው ነገር ከሁሉም የጣፈጠኝ ነው። ስልካችሁን አውጡ። የሰው ዓይን ከወለል 1.60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በ1:50 ይህ 3.2 ሴንቲሜትር ነው። የብዙ ስልክ ካሜራ ከላይኛው ጫፉ አጠገብ ስለሆነ ስልኩን ዘቅዝቃችሁ ስታቆሙት ሌንሱ ወደዚያ ከፍታ ይጠጋል። አንድ ግድግዳ ተነሺ አድርጋችሁ በዚያ በኩል ማስገባት ነው። ቪዲዮ ቅረጹና ከመግቢያው ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ሳሎኑ ቀስ አድርጋችሁ አስሂዱት። ኋላ ገልብጣችሁ እዩት። ከላይ ሆኖ ሞዴል ማየት የወፍ እይታ ነው፤ ማንም ቤቱ ውስጥ በወፍ እይታ አይኖርም። የደረጃውን የጣሪያ ብርሃን ለማየት ደግሞ ክፍሉን አጨልማችሁ ባትሪ ከላይ አብሩበት። ብርሃኑ በደረጃው መሐል እየወረደ የት የት እንደሚደርስ ይታያል።

ካርቶን የማይነግራችሁ ነገርም ብዙ ነው። እብነ በረድ ሲነኩት ያለውን ቅዝቃዜ አይነግርም። ምንጣፍ ላይና እንጨት ላይ የሚሰማውን የእግር ኮቴ አይነግርም። ከላይ ካለው ሰገነት፣ ግድግዳው ላይ በተተወው ክፍተት ውስጥ፣ የፕራግ ቤተ መንግሥት መታየቱንም አይነግርም። ክፍተቷን እኔም ቆርጫታለሁ፤ በሷ በኩል የሚታየው የኩሽናዬ ፍሪጅ ነው።

ያን ለማየት መሄድ ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም። ከ1948 በኋላ መንግሥት ወሰደው፤ ባለቤቶቹ በገዛ ቤታቸው ጥቂት ክፍል ተወሰነላቸው። የትርፍ ቤትን ዘመን ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1995 የፕራግ ከተማ ገዛው። ታድሶ በ2000 ለጎብኚ ተከፈተ። የሚያስተዳድረው የከተማው ሙዚየም ነው። ጉብኝቱ በአስጎብኚ፣ በትንንሽ ቡድን ነው፤ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ፕራግ ወይም እዚያ አካባቢ ያላችሁ የአገሬ ልጆች ካላችሁ ሂዱና የእመቤቲቱን መስኮት ከሁለቱም በኩል አይታችሁ ንገሩኝ።

ለመግዛት ላሰባችሁ፤ ከባለ 2 ሚሊሜትሩ ካርቶን ከባለ 1.5ቱ እጥፍ ግዙ፤ ግድግዳው የሚበላው እሱን ነው። ለውጩ ሁለት ፎም ቦርድ ይበቃል። ከተሩ ወፍራሙ ይሁን፤ ቀጭኑ ካርቶን ላይ ይወላገዳል። ተጨማሪ ምላጭ አትርሱ፤ እኔ ካሰብኩት በላይ ነው የጨረስኩት። ቪላ ሙለር ለመጀመሪያ ከከበዳችሁ ከሎስ የቀደሙት ቤቶች ውስጥ ቪየና የሚገኘውን የ1922ቱን ሩፈር ቤት ሞክሩ። እሱም ኩብ ነው፤ የወለሎቹ ጨዋታ ግን ገና ጅምር ላይ ነው።